በጄንቱ ላይ በየጊዜው የሚመጣውን የከርነል ማሻሻያ እንዴት ልያዘው?

ጠያቂ፦ ማለዳ_ቡት

ጤና ይስጥልኝ። ጄንቱ የተባለውን የሊኑክስ ስርጭት (ዲስትሮ) የምጠቀመው በሦስት ኮምፒውተሮች ላይ ነው፤ አንዱ የሥራ ላፕቶፕ፣ ሁለተኛው የኤንቪዲያ ካርድ ያለው ዴስክቶፕ፣ ሦስተኛው ደግሞ ፋይሎቼን በዜድኤፍኤስ የፋይል ሲስተም የሚያስቀምጥ፣ ስክሪንም ኪቦርድም ያልተሰካበት አነስተኛ ሰርቨር ነው። በሦስቱም ላይ የተጫነው የከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ምንጭ ኮድ የሚያመጣው ጄንቱ-ሶርስስ የተባለው ፓኬጅ ሲሆን፣ ኮንፊጉን (በከርነሉ ውስጥ ምን እንደሚካተት የሚወስነውን ፋይል) ራሴ አዘጋጅቼ በሜክ ትእዛዝ ኮምፓይል አደርገዋለሁ (ወደሚሠራ ፕሮግራም እቀይረዋለሁ)። ሲስተሞቹ በሙሉ የሚሠሩት በቲልዳ ኤኤምዲ64፣ ማለትም በሙከራ ላይ ያሉ ፓኬጆችን በሚቀበለው ቅርንጫፍ ነው።

ያስቸገረኝ የማሻሻያዎቹ ድግግሞሽ ነው። ሲስተሙን ባዘመንኩ ቁጥር አዲስ የከርነል ምንጭ ኮድ ይመጣል፤ በአንዱ ማሽን ላይ ኮምፓይል አድርጌ ወደ ሌላው ሳልሻገር ተከታዩ ስሪት የሚደርስበት ጊዜም አለ። የሲምሊንክ ዩዝ ፍላግን (ዩዝ ፍላግ ፓኬጅ ሲሠራ የሚበራ ወይም የሚጠፋ አማራጭ ነው) ስላበራሁት፣ ሊኑክስ የሚለው ማያያዣ ወዲያውኑ ወደ አዲሱ ፎልደር ይዞራል፤ በዚያው ዝመና የኤንቪዲያ ድራይቨርም አዲስ ስሪት ከመጣለት፣ ገና ኮንፊግ እንኳ በሌለው ምንጭ ኮድ ላይ ሞጁሉን (ከርነሉ ሲያስፈልገው የሚጭነውን ክፍል) ለመሥራት ሞክሮ በስህተት ይቆማል። ዴፕክሊን (የማያስፈልጉ ፓኬጆችን ማጽዳት) ካደረግሁ በኋላም የድሮዎቹ ፎልደሮች ከቦታቸው አይነሱም፤ የቡት ፓርቲሽኑ ደግሞ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል።

ስለዚህ እያንዳንዱን ስሪት የግድ መጫን አለብኝ ወይስ እየመረጥኩ መዝለል እችላለሁ? ለሦስቱም ማሽኖች አንድ ጊዜ ሠርቼ የምገላገልበት መንገድስ አለ? ምንጭ ኮድን ኮምፓይል የሚያደርግ ሲስተም የመረጥኩት አውቄና ወድጄ ስለሆነ፣ «ወደ ሌላ ዲስትሮ ዙር» የሚል ምክር ባይሰጠኝ ደስ ይለኛል።

—

መልስ፦ ሰነድ_አንባቢ

ዲስትሮ መቀየር አያስፈልግዎትም። በመጀመሪያ ግን ድግግሞሹ ከሁለት የተለያዩ ምንጮች የሚመጣ መሆኑን መለየት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም አንደኛው ሊቀር የሚችል ሲሆን ሁለተኛው ሊቀር የማይገባው ነው።

አንደኛው አዲስ ተከታታይ ስሪት ነው። ዋናው የሊኑክስ ከርነል በየ9 ወይም በየ10 ሳምንቱ አዲስ ስሪት ያወጣል፤ ከ6.6 ወደ 6.7፣ ከ6.7 ወደ 6.8 የሚባለው ማለት ነው። አዳዲስ ድራይቨሮች፣ አዳዲስ የኮንፊግ ጥያቄዎች፣ ከውጭ ከሚመጡ ሞጁሎች ጋር አለመግባባትም የሚፈጠረው በአብዛኛው በዚህ ሽግግር ወቅት ነው። ሁለተኛው በአንድ ተከታታይ ውስጥ የሚወጣው እርማት ሲሆን፣ እሱም ከ6.6.30 ወደ 6.6.31 እንደሚባለው፣ በግምት በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወጣል። ይህኛው የሚይዘው አስቀድመው በዋናው ከርነል ውስጥ የገቡ ጥገናዎችን ስለሆነ፣ ኦልድኮንፊግን (የቀድሞውን ኮንፊግ ይዞ ስለ አዳዲስ አማራጮች ብቻ የሚጠይቀውን ትእዛዝ) ቢያሄዱ አብዛኛውን ጊዜ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅዎት ያልፋል።

እርስዎ በቲልዳው ቅርንጫፍ ላይ ስላሉ ሁለቱንም በአንድነት ይቀበላሉ። ከዚህም ላይ የረጅም ጊዜ ድጋፍ የሌለው ተከታታይ፣ ቀጣዩ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ እርማት ስለሚቋረጥበት፣ ሽግግሩን ልዝለለው ቢሉ እንኳ አይችሉም። ጄንቱ በጄንቱ-ሶርስስ ላይ «የተረጋጋ» የሚል ምልክት የሚሰጠው ግን የረጅም ጊዜ ድጋፍ ላላቸው፣ ኤልቲኤስ ለሚባሉት ተከታታዮች ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 የወጣው 6.1፣ በኦክቶበር 2023 የወጣው 6.6፣ በኖቬምበር 2024 የወጣው 6.12 ከእነዚህ መካከል ናቸው።

እንግዲህ መላው ሲስተም በቲልዳው ላይ እንደሆነ ሊቀጥል ይችላል፤ ከርነሉን ብቻ ለይተው ወደ ተረጋጋው ያውርዱት። ይህም በፖርቴጅ (የጄንቱ ፓኬጅ አስተዳዳሪ) አክሴፕት-ኪወርድስ ፋይል ውስጥ የጄንቱ-ሶርስስን ስም ጽፎ፣ ከቲልዳው ፊት የመቀነስ ምልክት በማድረግ የሚያልቅ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ከዚያም በማስክ ፋይሉ ውስጥ ከመረጡት ተከታታይ በላይ ያለውን ሁሉ ይከልክሉ። ወደ ቀጣዩ ኤልቲኤስ የሚሻገሩት ያንን መስመር ራስዎ በቀየሩ ቀን ብቻ ይሆናል።

በነገራችን ላይ፣ የወረዱ ፋይሎች የሚቀመጡበትን የዲስትፋይልስ ፎልደር በየጊዜው የሚጠርጉ ከሆነ ይህን ቢተዉት መልካም ነው። ጄንቱ የሚጠቀመው የተከታታዩን መነሻ ጥቅል አውርዶ፣ ሳምንታዊዎቹን እርማቶች እንደ ፓች በላዩ መደረብን ነው። ከ130 ሜጋባይት የሚበልጠው የ6.6 ጥቅል ከተጠበቀልዎ፣ በየስሪቱ የሚያወርዱት ፓቹን ብቻ ይሆናል።

—

መልስ፦ ጥብቅ_በር

ከላይ በተጻፈው እስማማለሁ፤ «እየመረጥኩ መዝለል እችላለሁ ወይ» የሚለው ጥያቄ ግን ከዚህ የበለጠ መልስ ያስፈልገዋል። በጄንቱ ተጠቃሚዎች ዘንድ የተለመደ አንድ አስተሳሰብ አለ፦ የለውጥ ዝርዝሩን አነባለሁ፣ የተጠገነው ነገር በእኔ ኮንፊግ ውስጥ ከሌለ እዘላለሁ የሚል። ለድራይቨሮች ይህ እውነትነት አለው፤ ኮምፓይል ያላደረጉት ድራይቨር ሊጎዳዎት አይችልም። ነገር ግን በዝርዝሩ ውስጥ የቱ መስመር የደኅንነት ጥገና እንደሆነ ከርነሉን የሚያዘጋጁት ሰዎች ለይተው አይጽፉም፤ ሆን ብለው ነው የማይጽፉት።

ደርቲ ፓይፕ የተባለውን ክፍተት እንመልከት። ከ5.8 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ የነበረ፣ ማንኛውም ተራ ተጠቃሚ የማንበብ ፈቃድ ብቻ ባለው ፋይል ላይ እንዲጽፍ የሚያስችል፣ በዚያም ሩት (የማሽኑ ሙሉ ባለሥልጣን) እስከመሆን የሚያደርስ ጉድለት ነበር። የነበረው በፓይፕ (በፕሮግራሞች መካከል መረጃ በሚያስተላልፈው መንገድ) ኮድ ውስጥ ስለሆነ ኮንፊግን በማሳጠር የሚመለጥ አልነበረም። ጥገናው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 23 ቀን 2022 በ5.16.11፣ በ5.15.25 እና በ5.10.102 ውስጥ ወጣ፤ ጉድለቱ ምን እንደሆነ ለሕዝብ የተነገረው ግን በማርች 7 ነው። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ሳምንታዊውን እርማት ዝም ብሎ የጫነ ሰው ሳያውቀው ተጠብቋል፤ ዝርዝሩን አንብቦ «ይህ እኔን አይመለከተኝም» ያለ ደግሞ ሊጠረጥር የሚችልበት አንድም ፍንጭ አልነበረውም።

ሲቪኢ የሚባሉትን የደኅንነት ክፍተቶች መለያ ቁጥሮች መከታተልም እንደ ድሮው አይረዳም። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ቁጥሩን የሚሰጠው የከርነሉ ቡድን ራሱ ሲሆን፣ ደኅንነትን ሊነካ ይችላል ተብሎ ለሚታሰብ ለማንኛውም ጥገና ቁጥር ስለሚሰጥ ብዛቱ ሰው ሊያነበው ከሚችለው በላይ ሆኗል። እርማቶቹን የሚያወጣው ግሬግ ክሮህ-ሃርትማን እያንዳንዱን ስሪት ሲያስታውቅ የዚያ ተከታታይ ተጠቃሚዎች ሁሉ ማዘመን እንዳለባቸው የሚጽፈው ዓረፍተ ነገር ለብዙዎች እንደ ልማድ ይታያቸዋል፤ እኔ ግን ቃል በቃል እወስደዋለሁ።

ይህ ማለት በወጣበት ሰዓት ይጫን ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ 6.1.64 በኢኤክስቲ4 የፋይል ሲስተም ላይ መረጃ ሊያበላሽ የሚችል ጉድለት ይዞ ወጥቶ ነበር። አንዱ ጥገና ከአዲሱ ከርነል ወደ ኤልቲኤሱ ሲመለስ አብሮት ሊመለስ የሚገባው ሌላ ለውጥ ስለቀረ የመጣ ነው። ዴቢያን የተባለው ዲስትሮ 12.3ን ለማውጣት ተዘጋጅቶ ሳለ በዚህ ምክንያት አቁሞ በምትኩ 12.4ን አወጣ፤ በከርነሉ በኩል ማስተካከያው በ6.1.66 ውስጥ ገባ። ኤልቲኤስ የሚለው ስም ከዚህ ዓይነት ነገር አያድንም።

ስለዚህ እርማት አልዘልም፤ ሁሉንም ማሽን በአንድ ቀን አላዘምንም እንጂ። ሲበላሽ ፊቱ ተቀምጬ ልጠግነው የምችለው ዴስክቶፕ ይቀድማል፤ መረጃ የያዘው ሰርቨር ጥቂት ቀናት ዘግይቶ ይከተላል። በመሃሉ ቀጣይ እርማት ከወጣ ሰርቨሩ በቀጥታ ወደ እሱ ይሄዳል፤ የዘለለውን ስሪት ተመልሶ መጫን አያስፈልገውም፣ እያንዳንዱ እርማት የቀደሙትን ሁሉ ይዟልና።

—

መልስ፦ ጥቅል_ሠሪ

እስካሁን የተባለው «መቼ» ለሚለው ነው። ለሦስት ማሽን አንድ ጊዜ መሥራት ለሚለው ጥያቄዎ መልሱ ጄንቱ-ሶርስስን ትቶ ወደ ጄንቱ-ከርነል መሄድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጄንቱ-ሶርስስ የሚያመጣልዎት ምንጭ ኮዱን ብቻ ነው። በፖርቴጅ ዓይን ሥራው ፎልደሩ በተቀመጠ ጊዜ ተጠናቋል፤ የእርስዎ ሥራ ግን የሚጀምረው ያኔ ነው። የኤንቪዲያው ስህተትም የሚመጣው ከዚህ ክፍተት ነው፤ ፖርቴጅ ከርነሉ ገና እንዳልተሠራ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ጄንቱ-ከርነል ግን እንደ ማንኛውም ፓኬጅ ኮምፓይል ይደረጋል፣ ሞጁሎቹን ይጭናል፣ ድራከት በሚባለው መሣሪያ ኢኒትራምኤፍኤሱን (ሲስተሙ ሲነሳ ቀድሞ የሚጫነውን ትንሽ ፋይል ሲስተም) ይሠራል፣ ኢንስቶልከርነል የተባለውን ጠርቶ በቡት ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ለኢንስቶልከርነል የግረብ (ከርነሉን መርጦ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ዩዝ ፍላግ ከተሰጠው የግረብ ዝርዝሩንም ያድሳል። ምንጭ ኮዱን በራስዎ ማሽን ላይ ኮምፓይል ማድረግዎ አይቀየርም።

ዲስት-ከርነል የሚለውን ዩዝ ፍላግ ለመላው ሲስተም ያብሩት። ከዚያ በኋላ ከርነሉ በተቀየረ ቁጥር የኤንቪዲያውና የዜድኤፍኤሱ ሞጁሎች በዚያው ዝመና ውስጥ፣ በትክክለኛው ቅደም ተከተል እንደገና ይሠራሉ። ለሰርቨርዎ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ዜድኤፍኤስ እስከ የትኛው ከርነል ድረስ እንደሚደግፍ በፓኬጁ ውስጥ ተጽፏል፤ ፍላጉ ሲበራ ይህ ገደብ ፖርቴጅ የሚያከብረው ጥገኝነት ይሆናል። ከርነሉ ዜድኤፍኤስን ቀድሞ ሄዶ፣ ሪስታርት ሲያደርጉ ዲስኮቹ የማይነበቡበት ሁኔታ አስቀድሞ ይታገዳል ማለት ነው።

ጄንቱ-ከርነል የተጠናቀቀ ፓኬጅ ስለሆነ በቢልድፒኬጂ አማራጭ ሁለትዮሽ ጥቅል ሊወጣለት ይችላል። ዴስክቶፑ ላይ አንድ ጊዜ ኮምፓይል አድርገው ላፕቶፑና ሰርቨሩ ጥቅሉን ከዚያ እንዲወስዱ ማድረግ ነው። በጄንቱ-ሶርስስ ይህን ቢሞክሩ የሚታሸግልዎት ምንጭ ኮዱ ብቻ ነው። በሜክ-ኮንፍ (የፖርቴጅ ቅንብር ፋይል) ውስጥ የጻፉት ሲፍላግስ (የኮምፓይለር አማራጮች) የከርነሉን አሠራር ስለማይነካ፣ በከርነሉ ኮንፊግ ውስጥ የተለየ ፕሮሰሰር ካልመረጡ በቀር አንዱ ጥቅል በሦስቱም ላይ ይሠራል።

ዋጋው የኮምፓይል ጊዜ ነው። መነሻ ኮንፊጉ ለማንኛውም ሃርድዌር የሚሆን ሰፊ ኮንፊግ ስለሆነ፣ በእጅዎ ካሳጠሩት እጅግ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል። ደካማ ማሽን ብቻ ላለው ሰው ተሠርቶ የተዘጋጀው ጄንቱ-ከርነል-ቢን አለ።

—

ጠያቂ፦ ማለዳ_ቡት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከርነሉን ወደ ተረጋጋው ኤልቲኤስ አውርጃለሁ። ወደ ጄንቱ-ከርነል ለመሄድ ግን ሁለት ነገር ያሳስበኛል። በመጀመሪያ፣ ለዓመታት ያስተካከልኩትን ኮንፊግ ትቼ ሁሉንም ነገር በሞጁል የያዘ ከርነል መቀበል ይከብደኛል። ሁለተኛ፣ ሰርቨሩ ያለው እኔ ከማልደርስበት ቦታ ነው፤ ራሱ ከርነል የሚቀይር አሠራር ከዘረጋሁ በኋላ አንድ ቀን ባይነሳስ?

—

መልስ፦ ጥቅል_ሠሪ

ኮንፊግዎን መተው አይጠበቅብዎትም። በሲስተሙ የከርነል ቅንብር ፎልደር ውስጥ ኮንፊግ-ዲ የሚል ንዑስ ፎልደር አለ፤ በኮንፊግ የሚያልቅ ስም ሰጥተው የሚለወጡትን መስመሮች ብቻ የያዘ ትንሽ ፋይል ቢያስቀምጡበት፣ በየስሪቱ በመነሻው ኮንፊግ ላይ ይደረባል። የማይፈልጉትን ማጥፋት፣ በሞጁል ያለውን በከርነሉ ውስጥ ማካተት፣ ሁሉም በዚያ ይቻላል። ለውጦቹን በየርእሱ በተለያዩ ፋይሎች ቢከፋፍሏቸው፣ አንድ አማራጭ ለምን እንደጠፋ ከዓመት በኋላ ሲፈልጉ በቀላሉ ያገኙታል። ሙሉውን የራስዎን ኮንፊግ መጠቀም ከፈለጉ ደግሞ የሴቭድኮንፊግ ዩዝ ፍላግ አለ። እኔ ግን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ሙሉው ኮንፊግ ከተከታታይ ወደ ተከታታይ ሲሻገሩ ያረጃል፣ ትናንሾቹ ፋይሎች የሚይዙት ግን የእርስዎን ውሳኔ ብቻ ነው።

—

መልስ፦ ነጠላ_ሰረዝ

በጄንቱ-ሶርስስ ለመቆየት ቢወስኑ አልፈርድብዎትም፤ እኔም በዚያው ነኝ። ያሳጠርኩት ከርነል በጣም ቶሎ ኮምፓይል ስለሚደረግ ሳምንታዊው እርማት ሸክም ሆኖብኝ አያውቅም። ቅደም ተከተሉን ብቻ ላስታውስዎት፦ የሲምሊንክ ፍላጉን አጥፍተው፣ ማያያዣውን በኢሴሌክት ትእዛዝ ራስዎ የሚያዞሩት ኮምፓይል ለማድረግ በተቀመጡበት ሰዓት ይሁን፤ የቀድሞውን ኮንፊግ ቀድተው ኦልድኮንፊግን ያሂዱ፤ ከርነሉንና ሞጁሎቹን ከጫኑ በኋላ፣ ሪስታርት ከማድረግዎ በፊት፣ ሞጁል-ሪቢልድ የሚለውን ስብስብ በኢመርጅ (የፖርቴጅ ትእዛዝ) ያሠሩ። ያኔ የኤንቪዲያው ሞጁል የሚሠራው ዝግጁ በሆነ ከርነል ላይ ነው።

ከአንድ ኤልቲኤስ ወደ ቀጣዩ ሲሻገሩ ግን ኦልድኮንፊግ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥያቄዎች ይደረድርብዎታል፤ ኤንተርን ያለ ማቋረጥ እየተጫኑ ማለፍ ሁሉንም በነባሪው መልስ የሚያልፈውን ኦልድዴፍኮንፊግን ከማሄድ በምንም አይለይም። በቅድሚያ ሊስትኒውኮንፊግ የሚለው አዲሶቹን አማራጮች ብቻ ዘርዝሮ ያወጣልዎታል፤ እሱን በፋይል አድርገው በተረጋጋ መንፈስ አንብበው፣ የሚፈልጉትን ጥቂት ነገር ምልክት አድርገው፣ የቀረውን ለኦልድዴፍኮንፊግ መተው ይሻላል። ኮንፊግ ለማሳጠር ሎካልሞድኮንፊግን የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ትእዛዙ የሚያስቀረው በዚያች ቅጽበት የተጫኑትን ሞጁሎች ብቻ መሆኑን አይርሱ፤ ያን ሰዓት ያልተሰካ ፍላሽ ዲስክ፣ ካሜራ ወይም ፕሪንተር ድራይቨሩ ሳይካተት ይቀራል። ከማሄድዎ በፊት ያለዎትን መሣሪያ ሁሉ ይሰኩ።

ስለ ሰርቨሩ ያለዎት ስጋት ትክክል ነው፤ መፍትሔውም ያን ያህል አስቸጋሪ አይደለም። ግረብ አንድን ከርነል ለአንድ ቡት ብቻ እንዲመርጥ ማድረግ ይቻላል። በግረብ ቅንብር ውስጥ ነባሪው ምርጫ «ሴቭድ» እንዲሆን ያድርጉና፣ በግረብ-ሴት-ዲፎልት የሚሠራው አሮጌ ከርነል ቋሚ ምርጫ ሆኖ ይቀመጥ። አዲሱን ሲጭኑ በግረብ-ሪቡት ለቀጣዩ አንድ ቡት ብቻ ያዙት፤ በከርነሉ ትእዛዝ መስመር ላይም ፓኒክ እኩል 10 (panic=10) የሚለውን ይጨምሩ። አዲሱ ከርነል ዲስኩን ማግኘት አቅቶት በፓኒክ (ከርነሉ መቀጠል ሲያቅተው በሚደርስ ድንገተኛ መቆም) ቢቆም፣ ከ10 ሰከንድ በኋላ ራሱ ሪስታርት አድርጎ ወደ አሮጌው ይመለሳል። በደኅና ከተነሳ ደግሞ በኤስኤስኤች ከርቀት ገብተው፣ ዩኔም የሚለው ትእዛዝ የሚያሳየው ስሪት አዲሱ መሆኑንና የዜድኤፍኤስ ፑሉ (የዲስኮቹ ስብስብ) መነበቡን አይተው፣ ቋሚውን ምርጫ ወደ አዲሱ ያዛውራሉ።

ይህ ዘዴ የማያድንበት ሁኔታ አለ፤ ከርነሉ በደኅና ተነስቶ የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር ከጠፋ ፓኒክ የሚባል ነገር ስለማይፈጠር ማሽኑ ዝም ብሎ ይቀመጣል። በኢኒትራምኤፍኤሱ ውስጥ ዲስኩን አጥቶ ወደ ጥገና ሼል ከወረደም እንዲሁ ነው፤ ለዚህኛው ድራከት ሼሉን ከመክፈት ይልቅ ማሽኑ ሪስታርት እንዲያደርግ የሚያዝ አማራጭ ስላለው እሱን ያጥኑት። ለኔትወርኩ እኔ የማደርገው፣ ማሽኑ በተነሳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ኔትወርኩን ማግኘት ካልቻለ ራሱን ሪስታርት እንዲያደርግ ትንሽ ስክሪፕት ማስቀመጥ ነው። የግረብ ምርጫ ለአንድ ቡት ብቻ ስለነበረ፣ ያም ወደ አሮጌው ከርነል ይመልሰዋል።

—

ጠያቂ፦ ማለዳ_ቡት

እግዜር ይስጥልኝ። ዴስክቶፑና ሰርቨሩ ወደ ጄንቱ-ከርነል ይሄዳሉ፤ ላፕቶፑ በእጅ እንደተሠራ ይቀጥላል። አንድ ያልተመለሰ ነገር ቀርቷል፦ የተጠራቀሙትን ፎልደሮችና በቡት ውስጥ ያሉትን አሮጌ ከርነሎች በእጄ ልሰርዛቸው?

—

መልስ፦ ሰነድ_አንባቢ

በእጅ መሰረዝ ይቻላል፤ ግን አንድ ቦታ መርሳት ቀላል ነው። ዴፕክሊን የሚያነሳው ፖርቴጅ ራሱ ያስቀመጣቸውን ፋይሎች ብቻ ነው። እርስዎ በሜክ ኮምፓይል ሲያደርጉ የተፈጠሩት ፋይሎች በማንም ስም አልተመዘገቡም፤ ስለዚህ ምንጭ ኮዱ ተሰርዞ፣ በፎልደሩ ውስጥ የኮምፓይል ውጤቶቹና ኮንፊጉ ይቀራሉ። በቡት ውስጥ ያለው ምስልና በሞጁሎች ፎልደር ያለው የዚያ ስሪት ክፍልም በተመሳሳይ ምክንያት አይነኩም። እነዚህን በአንድነት የሚያጸዳ ኢክሊን-ከርነል የሚባል፣ በፖርቴጅ በኩል የሚጫን መሣሪያ አለ፤ ከቅርቦቹ ስንቱን እንደሚያስቀር በቁጥር ይነግሩታል። ለሰርቨሩ ቢያንስ ሁለት ያስቀሩ።

በመጀመሪያ በማስመሰያው አማራጭ አሂደው፣ ሊሰርዛቸው ካሰባቸው መካከል አሁን በሥራ ላይ ያለው ከርነል አለመኖሩን ከዩኔም ውጤት ጋር ያመሳክሩ። በሥራ ላይ ያለው ከርነል ሞጁሎቹ ከዲስክ ላይ ከተሰረዙ ማሽኑ ወዲያው አይወድቅም፤ በማግሥቱ ፍላሽ ዲስክ ሲሰኩ ግን የሚያስፈልገውን ሞጁል ፈልጎ ያጣዋል። በጄንቱ-ከርነል ላይም ይኸው ይሠራል፤ እዚያ ሞጁሎቹ የፖርቴጅ ስለሆኑ ዴፕክሊን ራሱ ያነሳቸዋል፤ ስለዚህ ሪስታርት ይቅደም፣ ዴፕክሊን ይከተል። የላፕቶፑን ኮንፊግ ደግሞ ከማጽዳትዎ በፊት ከምንጭ ኮድ ፎልደሩ ውጭ የሆነ ቦታ ላይ ይቅዱት።